የወደቡ ክለብ በረኛ

ባለፈው ሰሞን እዚህ ሲያትል ከኦቴሎ ጣቢያ ባቡር ተሳፍሬ ስሄድ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ፊታቸውን እንኳ ልብ ብዬ አላየሁትም፤ ቀድሞ የደረሰኝ ሽታቸው ነው። ጉልበታቸውን የተቀቡት የመታሻ ቅባት፣ ያ ካፉር ካፉር የሚለው፣ ከካፖርታቸው ሥር እየወጣ አፍንጫዬን ሞላው። ልጄ ራሕማ ፊት ለፊቴ ቆማ ስልኳን ትነካካ ነበርና ቀና ብላ አየችኝ። «ማም፣ አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ፊቴ ግን እስከ ጆሮዬ ድረስ ግሎ ነበር። ሰው በዚህ ዕድሜው፣ እሷ ባልተወለደችበት ዘመን በሆነ ነገር፣ በሕዝብ መሀል ቁጭ ብሎ እንዲህ ማፈሩ ይገርመኛል። ካፈርኩባቸው ሁለት ሰዎች አንዱ አፈር ከለበሱ ቆዩ፤ ሌላው ቤት ውስጥ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ዜና እያየ ነው። ኮሎምቢያ ሲቲ ስንደርስ ሽማግሌው ወረዱ። እኔም መውረጃዬ እዚያው ነበር፤ ግን እግሬ አልነሳ አለኝና አንድ ፌርማታ አለፈኝ።

ያኔ በዚህ ሰፈር ባቡር የሚባል ነገር አልነበረም። የነበረው ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ነው፤ አናቱ ላይ ባሉት ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ከሽቦው ጋር ተያይዞ የሬይነርን ጎዳና ሽቅብ ቁልቁል የሚል። ዘንጉ ከሽቦው ሲያመልጥ ሾፌሩ ጓንቱን አጥልቆ ይወርዳል፤ እኛ ትንፋሻችን ያጨገገውን መስኮት በእጅጌያችን እየጠረግን እንጠብቃለን። ኮሎምቢያ ሲቲም እንደዛሬው የቡና ቤትና የአይስክሬም ሰፈር አልነበረም። ግማሹ ሱቅ በጣውላ ታሽጎ፣ ጥግ ላይ አንድ ጸጉር ቤት፣ አንድ የዶናት ቤት፣ የቬትናሞች የጨርቅ ሱቅ። ወጣቱ ሁሉ ካሬ ካሬ የፍላኔል ሸሚዝ ወገቡ ላይ አስሮ፣ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ጂንስ ለብሶ የሚሄድበት ዘመን ነው። እኔ ደግሞ ከሁለተኛ እጅ ልብስ ቤት በሦስት ዶላር የገዛኋት፣ ትከሻዋ ላይ ስፖንጅ ያላት አመድማ ካፖርት ነበረችኝ። ሻሼን ከእሷ ጋር ለማስማማት ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት የማጠፋው ጊዜ ዛሬ ያስቀኛል። በአምስት ዶላር የስልክ ካርድ ገዝተን፣ ቁጥሩን በሳንቲም ፍቀን ደሴ ደውለን «ትሰሚኛለሽ? ይሰማል?» ስንባባል ካርዱ ያልቅ ነበር።

ሰይድን ያገባሁት እዚሁ ሲያትል ነው። እኔ በወንድሜ በኩል ከደሴ መጣሁ፤ እሱ ከእኔ በፊት ገብቶ፣ ሲታክ ውስጥ መንገደኞች መኪናቸውን አቁመው ወደ ኤርፖርት የሚሄዱበት ግቢ ውስጥ ይሠራ ነበር። ረጅም ነው፤ የእኛን በር ሲገባ ጎንበስ ይላል። ጣቶቹ አንዳቸውም ቀጥ ያሉ አልነበሩም። የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት ጭራሽ ወደ ውጭ ተንጋዳለች። ሰው ሲጠይቀው «የኳስ ነው» ይላል፤ ሌላ አይጨምርም። አገር ቤት ስመ ጥር በረኛ ነበር። ስሙን በሬዲዮ የሰሙ ሰዎች ሰርግ ላይ ሲያገኙት «ያ ሰይድ ነህ?» ብለው ትከሻውን ይዘው ያገላብጡታል። ከቡድኑ ጋር ውጭ በወጣበት ቀርቶ፣ ከአገር አገር ሲንከራተት ማልታ የምትባል ደሴት ላይ ለአንድ ክለብ እንደተጫወተም ያውቃሉ። ማልታን ካርታ ላይ የሚያገኛት ባይኖርም «አውሮፓ ተጫውቷል» ይሉ ነበር። ይሄ ወሬ ሲነሳ እሱ ወይ ውሃ ሊጠጣ ይነሳል፣ ወይ ሶላት ደረሰ ይላል። እኔም አልጠይቀውም ነበር። እዚህ አገር የመጣ ሰው ሁሉ በመንገዱ ላይ የማይነካካው ቦታ አለው ብዬ አስብ ነበር።

ከማል የሚባል ታክሲ የሚነዳ ወዳጅ ነበረው፤ የመርካቶ ልጅ፣ ሳቂታ፣ የሐበሾቹን የእሁድ ኳስ ቡድን የሚያደራጅ እሱ ነው። ሙቀቱ በገባ ቁጥር ቤታችን ይመጣና «ሶ ሰይዶ፣ በረኛ የለንም። እሁድ ፒክ ላድርግህ?» ይለዋል። ሰይድ «ጉልበቴን ያመኛል» ይላል። ጉልበቱ ደህና እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ጆንያ ሩዝ ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ ሳያርፍ ይወጣ ነበር።

የእኔ ሥራ ሽማግሎችን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ መርዳት ነበር። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ቁርስ ማብላት፣ መድኃኒት ማስታወስ። አንድ ጊዜ ከኮሎምቢያ ሲቲ ሽቅብ በሚወጣው ዳገት ላይ ወዳለች ትንሽ ቤት ላኩኝ። ባለቤቱ ሚስተር ካርሜኑ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ መርከብ ማደሻ ውስጥ ብረት ሲበይዱ ኖረው በመጨረሻ ጉልበታቸው አልታዘዝ ያላቸው፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጃቸው ሌላ ስቴት የሚኖር ሰው ናቸው። ስሜን ጠየቁኝ። «ሐዋ» አልኳቸው። «ሐዋ፣ የአዳም ሚስት፣ ኢቫ ማለት አይደለችም?» አሉኝና ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢቫ ሆኜ ቀረሁ። የማልታ ሰው መሆናቸውን ሲነግሩኝ ባሌ እኮ እዚያ ነበር ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የሰይድ ፊት፣ የማልታ ወሬ ሲነሳ የሚሆነው መሆን ትዝ አለኝና ተውኩት። ለጊዜው ነው ብዬ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ጉልበታቸውን ስቀባ የየቋንቋችንን ቃል እንለዋወጣለን። ደም በእነሱም ደም ነው። ራስ ራስ ነው፣ ዓይንም ዓይን። «ታዲያ እኔና አንቺን ምን አለያየን?» ይሉኛል። ከአልጋቸው ትይዩ አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ቁምጣቸው ከጉልበት የሚያልፍ፣ ፀጉራቸውን በቅባት ወደ ኋላ የለጠፉ ልጆች በሁለት ረድፍ። ማልያው ወይን ጠጅና ነጭ መሆኑን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው እንጂ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። ፎቶው ላይ ያለውን የሰፈራቸውን የኳስ ክለብ ታሪክ ከሰማሁት በላይ የራሴን አገር ታሪክ ተምሬ አላውቅም ብል ውሸት አይሆንም።

የመሠረቱት የወደቡ ልጆች ናቸው፤ አንዱ የእሳቸው አባት። እንግሊዞች ደሴቲቱን ይዘው በነበረበት ጊዜ መርከበኞቻቸው ወርደው ኳስ ይጫወታሉ፤ የወደቡ ልጆች ግንብ ላይ ተቀምጠው ያዩና ኳሱ ባሕር ሲገባ ዋኝተው ያወጡላቸዋል። አንድ ቀን ዋኝተው አወጡና ሳይመልሱ ቀሩ። «ክለባችን በስርቆት ነው የተጀመረው» ይሉ ነበር ሚስተር ካርሜኑ በኩራት። አባታቸው ጫማ ሰፊ ስለነበሩ ያንን ኳስ በተቀደደ ቁጥር እየሰፉ አቆዩት። ማልያው ወይን ጠጅ የሆነው ከቤተ ክርስቲያኑ የበዓል መጋረጃ ተቀዶ ስለተሰፋ ነው፤ ቄሱ አንድ ዓመት ሙሉ አኮረፏቸው፤ በኋላ እሳቸውም ከሰው ጋር ተጋፍተው የሚያዩ ደጋፊ ሆኑ። ሜዳው ሣር አልነበረውም። የተፈጨ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ የወደቀ ተጫዋች ቆዳው ተገፎ የሚነሳበት ሜዳ ነው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አውሮፕላን ወደቡን ቀን ከሌት ሲደበድብ ሕዝቡ ዐለት ፈልፍሎ ውስጥ ገባ፤ ሜዳውን ቦምብ ጉድጓድ አደረገው፣ ዝናብ ሞላው፣ እንቁራሪት ፈላበት። ብቸኛ ዋንጫቸውን አንዲት መበለት ዱቄት በርሜል ውስጥ ቀብራ አዳነችው። ረሃቡ ጸንቶ ዱቄቱ ሲያልቅ ዋንጫው ብቻውን በርሜሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘችውና ተቀምጣ አለቀሰች አሉ። ጦርነቱ ሲያልቅ ሰዉ የፈረሰ ቤቱን ሳይጠግን ሜዳውን ደለደለ። ከዚያ ደግሞ እርስ በርስ ጠብ። በአንድ ሰፈር ሁለት የበዓል ሙዚቃ ባንድ ነበርና ክለቡም በዚያ ሰበብ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ወንድም ከወንድሙ ጋር በአንድ ጠረጴዛ መብላት ተወ። የመጀመሪያው አምበል ሲሞቱ ሳጥኑን ማን ይሸከም በሚል ሊደባደቡ ደርሰው፣ በኋላ ግማሹን እነዚህ ግማሹን እነዚያ ተሸክመው ሲሄዱ፣ መቃብሩ ጋ ሳይደርሱ ታረቁ። ይህን ሲነግሩኝ እንባቸው ይመጣል፤ ወዲያው ደግሞ የሹራባቸውን እጅጌ ሳጠልቅላቸው «ቀዝቃዛ ነው እጅሽ» ይሉኛል።

እሳቸው ደሴቲቱን የለቀቁት በወጣትነታቸው ነው፤ ዛሬ እሄዳለሁ ነገ እሄዳለሁ ሲሉ ዕድሜያቸው አለቀ። ጁዜ የሚባል ታናሽ ወንድም አላቸው፤ እሁድ እሁድ ይደውላል። እዚህ ቀትር ሲሆን እዚያ ጨዋታው አልቆ መሽቷል። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የማያዩትን ጨዋታ ያዳምጣሉ።

አንድ ቀን እንደዚያ ጉልበታቸውን እያሸሁ «እንዲህ ያለውን ክለብ ማን ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን እንዳወረደው ልንገርሽ?» አሉኝ። «ቦምብ አይደለም። የባንዱ ጠብም አይደለም። አንድ በረኛ ነው። አፍሪካዊ ነበር፤ አንቺን ማለቴ አይደለም ይቅርታ። የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነው፤ አቻ ቢወጡ ይበቃቸው ነበር። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ከሩቅ የመጣች፣ ሕፃን የሚይዛት ኳስ በእጁ መሀል ገባች። ጨዋታው ባለቀ በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰውየው ከደሴቲቱ ጠፋ። ገንዘብ በልቶ ነው። ሸጠን።»

እጄ ጉልበታቸው ላይ ቀጥ አለ። «ምነው?» አሉኝ። ቅባቱ አልቋል አልኩና መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ቅባቱ ግማሽ ድረስ አለ። የቧንቧውን ውሃ ከፍቼ መስታወቱን አየሁ፤ ፊቴ የእኔ አልመስል አለኝ። ሌላ አፍሪካዊ በረኛ ሊሆን ይችላል ብዬ ለማሰብ ሞከርኩ፤ ግን የወደቡን ስም ሰይድ አንድ ጊዜ በእንቅልፉ ሲጠራ ሰምቼዋለሁ። ወጥቼ ካልሲያቸውን አጠለቅኩላቸው፣ ሻያቸውን ሰጠኋቸው፣ እሳቸውም አመሰገኑኝ። ያ ምስጋና እንዴት እንዳቃጠለኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ክፉ ነበሩ። ቤት ስገባ ባሌን እንደ እንግዳ ሰው አየው ጀመር። ሲበላ አየዋለሁ፣ ሲሰግድ አየዋለሁ። ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ጥሩ ሰው ሲቸግረው፣ ሰው አገር ብቻውን ሆኖ፣ ምን እንደሚያደርግ እኔ ምን አውቃለሁ? የማልታ ነገር ሲነሳ የሚሸሸው ለዚህ ይሆን? የከማልን ልመና እምቢ የሚለው ለዚህ ይሆን? ሰዎች ሰርግ ላይ ትከሻውን ይዘው ሲያሞጋግሱት እኔ አንገቴን ደፍቼ ሳህን እሰበስባለሁ። በእሱ አፈርኩ፤ በእሱ ማፈሬ ደግሞ መልሶ በራሴ አሳፈረኝ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ እሱ የማታ ፈረቃ ስለነበረ የሥራ ሸሚዙን እየተኮሰ ሳለ፣ ከእንግዲህ አልችልም አልኩና ተናገርኩ።

«የማጥባቸው ሽማግሌ ማልታዊ ናቸው» አልኩት።

ካውያውን ሸሚዙ ላይ እንዳቆመ ቀረ። «ከየት ሰፈር?»

«ከወደቡ።»

ጨርቁ ሲሸት ካውያውን እኔ አነሳሁት። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ያን ሁሉ ዓመት ያልነገረኝን ነገረኝ። ደሴቲቱ ላይ ሲደርስ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ውስጥ ያድር ነበር። ወደቡ ላይ ሣጥን ሲሸከም የክለቡ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ አብሯቸው ቆመ፤ በረኛቸው ክንዱ ተሰብሮ ነበርና ወሰዱት። ቋንቋቸው የዐረብኛ ዘመድ ነውና በልጅነቱ ቁርኣን ስለቀራ ቶሎ ገባው። ሰይድ ማለት አቅቷቸው ሲድ ይሉታል፤ ሲድ በእነሱ ቋንቋ ባለቤት ማለት ነው። «የግቡ ባለቤት» ብለው ይስቃሉ። አሮጊቶቹ ዳቦ በዘይትና በቲማቲም አሽተው በመስኮት ያቀብሉታል። ፈጅር ሰግዶ ወደ ወደቡ ሲወርድ ዓሣ አጥማጆቹ ከጀልባ ላይ ስሙን ይጠሩታል። እንደዚያ የወደደው ሰው ከናቱ በቀር እንዳልነበረ ነገረኝ። «ከዚያ ያቺ ኳስ መጣች» አለ። «ይዣት ነበር ሐዋ። በእጄ ነበረች። ከዚያ የለችም።» አንድ ሰው አልሰደበውም፤ መንገድ ለቀቁለት ብቻ። በማግስቱ ዳቦ ቤቱ በር ላይ የቆሙት ሰዎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የአሜሪካ ፈቃዱ ከዚያ በፊት ደርሶት ነበር፤ ከጨዋታው በኋላ እነግራቸዋለሁ ብሎ አቆይቶታል። ከጨዋታው በኋላ ለማን ይንገር? ሲሄድ የሸኘው የለም።

እዚህ ላይ እኔ ዝም ብዬ ብሆን ኖሮ። ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ። «አልሸጥክም አይደል?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺም?» አለ። ሸሚዙን እንደተቃጠለ ለብሶ፣ ከላይ ጃኬቱን ደርቦ ሥራ ሄደ። ያቺን «አንቺም» ዛሬ ድረስ እሰማታለሁ። ባቡሩ ላይ ፊቴን ያጋለችውም እሷ ናት።

በቀጣዩ ጠዋት ሚስተር ካርሜኑ ጋ ሄድኩ። ወንድማቸው የክለቡን መሥራቾች ለመዘከር ድግስ እየተዘጋጀ ነው ብሎ ነግሯቸው ደስ ብሏቸዋል፤ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምረው እንደገና አወሩልኝ። መርከበኞቹ፣ መጋረጃው፣ ዱቄቱ። በረኛው ጋ ሲደርሱ «ያ ሌባ» አሉ።

«ሌባ አይደለም» አልኳቸው።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«ባሌ ነው።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ ያለው ደም ሁሉ ወረደ። «ሸሚዜን ራሴ እለብሳለሁ» አሉ። አይችሉም። ጣታቸው ቁልፉን ሲስት አይቼ ልረዳቸው ብዘረጋ እጄን ገፉት። ለላከኝ መሥሪያ ቤት ነግረው ያስወጡኛል፣ ሌላ ሰውም ያስመጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። ማንም አልደወለልኝም። በየጠዋቱ እሄዳለሁ፤ እሳቸው መስኮት መስኮቱን ያያሉ፤ እኔ ዝም ብዬ እቀባለሁ። ኢቫ የሚለኝም የለም። በመጨረሻ አንድ ቀን መስኮቱን እያዩ «አምጪው» አሉ።

ሰይድ እምቢ አለ። «ምን ልበላቸው? ሄጄ ምን ልበላቸው?» ይላል ደጋግሞ። እኔ አልጎተጎትኩትም፤ የመጎትጎት መብት ያለኝ አልመሰለኝም። አንድ ማለዳ ግን ካፖርቴን ስደርብ በሩ ጋ ቆሞ አገኘሁት። የሰርጉን ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ሆዱ ላይ ትንሽ ጠቦታል። ሰባት ቁጥር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሄድን።

ሚስተር ካርሜኑ ዊልቸራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው ጠበቁን። ሰይድ ጎንበስ ብሎ ገባና በቋንቋቸው ሰላምታ ሰጣቸው። አልመለሱለትም። ወንበሩን በእጃቸው አሳዩት። እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። የሚነጋገሩት ግማሹን በማልትኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ስለነበር የቀረኝን ሰይድ በኋላ ሞላልኝ።

«ገንዘብ ተቀብለሃል?»

«ወላሂ አልተቀበልኩም።»

ፈጣሪን እነሱም አላ ነው የሚሉት፤ ክርስቲያን ቢሆኑም። መሐላውን ለመረዳት አስተርጓሚ ያስፈለጋቸው አይመስለኝም።

«ታዲያ ኳሷ እንዴት ገባች? ፀሐይ ነበረ?»

«ደመና ነበር።»

«ታመህ ነበር?»

«ጤነኛ ነበርኩ።» ሰይድ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እነሱኑ ያያል። «ሰበብ ፈልጌላት ነበር፤ አላገኘሁም። ይዣት ነበር፤ አመለጠችኝ። ይሄው ነው።»

ሽማግሌው ወደ ፊት ዘንበል ብለው እጁን ያዙት። እነዚያን የተጣመሙ ጣቶች አንድ በአንድ እያገላበጡ አዩዋቸው፤ ትንሿ ጣት ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «በዓመቱ ተመልሰው መውጣታቸውን ታውቃለህ?» አሉት።

ሰይድ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«አንድ ዓመት ነው ታች የቆዩት። በዓመቱ ወጡ። ከዚያ ወዲህ አልወረዱም። አልነገሩህም?»

ማን ይነግረዋል? ከዚያች ደሴት ከወጣ ጀምሮ ስለ እነሱ የሚነግረውን ሁሉ ሲሸሽ ነው የኖረው። ክለቡ ለእሱ ያን ቀን እንደወደቀ፣ እሱ ራሱ እንደጣለው፣ እዚያው ታች ነበር። ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። እኔም ወደ ወጥ ቤቱ ዞርኩ፤ ባሌን እንደዚያ ሆኖ ላየው አልደፈርኩም።

ሚስተር ካርሜኑ ትንሽ ቆይተው «አሁን ደግሞ የእኔን ስማ» አሉት። ድምፃቸው ተቀይሯል። «እኔ አላየሁትም። ከሄድኩ ጀምሮ ያ ሜዳ ላይ ቆሜ አላውቅም። ጁዜ ነው የነገረኝ፤ ጁዜም ያን ቀን የቆመው ከማዶኛው ግብ ኋላ ነው። ያላየሁትን ነገር ይዤ እዚህ አልጋ ላይ ተኝቼ፣ ጉልበቴን ለምታሽልኝ ሴት ባልሽ ሌባ ነው ስላት ነበር።» እኔን ማየት አቅቷቸው ወደ ፎቶግራፉ ዞሩ። በዚያ ክፍል ውስጥ ዓይኑን ቀና አድርጎ ሌላውን ማየት የቻለ ሰው አልነበረም።

ፎቶግራፉን እንዳዩ «የአባቴን ክለብ ተጫዋች ዳግመኛ በዓይኔ ሳላይ ልሞት ነው» አሉ። «ከአንተ በቀር እዚህ የሚመጣልኝ የለም። ግብ ላይ ቁምና ልይህ።»

ከማል ሲሰማ አላመነም። «አር ዩ ሲሪየስ? እሁድ ፍሬንድሊ አለን፣ ከሜክሲኮዎቹ ጋር። ጓንት እኔ አመጣለሁ» አለ። ጨዋታው ሰፈራችን አጠገብ ባለው ሐይቅ ዳር ሜዳ ላይ ነው፤ የሲያትል ቀጭን ዝናብ ያካፋል። የታክሲ ሾፌሮች፣ የኤርፖርት ሠራተኞች፣ ከወሎ፣ ከጉራጌ፣ ከሐረር የመጡ ሆዳቸው የተነፋ ጎልማሶች ማልያቸውን ለብሰው ይሟሟቃሉ። አንዱ ከመኪናው ውስጥ የአገር ቤት ካሴት ከፍቷል። ሚስተር ካርሜኑን ከሰይድ ግብ ኋላ አስቀመጥናቸው፤ ብርድ ልብስ አለበስኳቸው፣ ጃንጥላ ያዝኩላቸው። ጃንጥላውን ገፉት፤ ይከልለኛል አሉ።

ባሌን በረኛ ሆኖ ያየሁት ያን ቀን ነው። ያ ቤት ውስጥ እቃ እንዳይገፋ ተጠንቅቆ የሚራመድ ሰው ሜዳው ላይ ሌላ ሰው ሆነ። ይጮኻል፣ ተከላካዮቹን በእጁ ያዛል፣ ጭቃ ውስጥ ተንደርድሮ ይወድቃል፣ ኳሷን አቅፎ ይነሳል። አንዷን ከላይኛው ጥግ በተንጋደደችው ጣቱ ጫፍ ሲያወጣት ሐበሻው ሁሉ አጨበጨበ። ሚስተር ካርሜኑ አላጨበጨቡም። ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማኛል።

ከዕረፍት በኋላ ነው። ከመሀል ሜዳ አካባቢ አንዱ ሜክሲኳዊ እንደዋዛ መታት። መጣች፤ ፍጥነት የላትም። ሰይድ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄዶ ተንበረከከ፣ ሁለት እጁን ከፈተ፣ ኳሷ ገባችለት። ከዚያ በእጆቹ መሀል ሾልካ፣ በእግሩ ሥር አልፋ፣ ቀስ ብላ መረቡን ነካች።

ሰይድ ተንበርክኮ እንዳለ ቀረ፤ ጀርባው ወደ እኛ ነው። እኔ ጫማዬን አየሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። ሽማግሌው ምን ይሉ ይሆን? ባሌ ያን ሁሉ ዓመት ሲባልበት የኖረውን በዓይናቸው ፊት ደገመው። ይሄ ሰው አሁን ቤቱ ሄዶ ዳግመኛ ከአልጋው አይነሳም ብዬ ፈራሁ።

«ቁም» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በማልትኛም ያው ቁም ነው፤ «ቁ»ዋን ግን ጉሮሯቸው ውስጥ ይውጧታል። ሚስተር ካርሜኑ የዊልቸሩን ክንድ ይዘው፣ አንገታቸው ተገትሮ፣ ፊታቸው ቀልቶ ነው። «ቁም፣ አንተ አህያ። እጅህ ቅቤ ነው? ዓይንህን እናትህ ጋ ትተኸው መጣህ? ቁም እያልኩህ።» ከዚያ የተከተለውን ሰይድ ዛሬም አይተረጉምልኝም። በዚያ ወደብ ግንብ ላይ ተደግፎ የቆመ ደጋፊ የገዛ ልጁን፣ የገዛ ወንድሙን የሚሰድበው ስድብ ነው ይለኛል። ሰይድ ዞረ። ጭቃ በለበሰ ፊቱ ሽማግሌውን አያቸው። ከዚያ ሳቀ። እኔ ካገባሁት ጀምሮ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። ተነስቶ ኳሷን ከመረቡ አውጥቶ ወደ መሀል ለጋት።

በዚያች ጎል ተሸነፍን። ከማል መጥቶ «ማን፣ ኢትስ ኦኬ፣ ሜዳው ያንሸራትታል» ሲለው ሰይድ «አያንሸራትትም» አለው። ዊልቸሩን ራሱ እየገፋ ወደ ከማል መኪና ወሰዳቸው፤ እኔ ብርድ ልብሱን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። ወንበሩ ላይ ካስቀመጣቸው በኋላ ጎንበስ ብሎ ቀበቶውን ሲያስርላቸው «ዛሬ ጁዜ ይደውላል» አሉት።

«ምን ይሉታል?» አላቸው።

ሚስተር ካርሜኑ አሰቡ። «እውነቱን ነዋ» አሉ። «የዛሬዋ ጎል የእሱ ጥፋት ናት፣ በዓይኔ አይቻለሁ እለዋለሁ። ያቺኛዋን ግን አላየኋትም።»

ሰይድ በሩን ዘጋላቸው። ዊልቸሩን ሊያጥፍ ጀምሮ ተወው። እንደቆመ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። ከማል ሊጠራው ሲል በእጄ ከለከልኩት፤ ዝናቡ እየወረደብን ጠበቅነው።